ትሬድሚሉ እማዬ ስትወጣበት ይይዛል፣ ባለሙያው "ቦርዱ ነው" አለ (አዳማ)

የፍራንኮ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምንኖረው አዳማ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ሐኪሟ በየቀኑ እንድትራመድ አዟታል። ጠዋት ጠዋት አስፋልት ዳር ትሞክር ነበር። ጉልበቷ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ ውሻው አለ፤ አልሆነም። ረፋዱ ላይ ደግሞ የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወንድሜ ወደ ውጭ ከሚሄድ አንድ ቤተሰብ ያገለገለ ትሬድሚል ገዛላት።

መጀመሪያ በጣም ተስማማት። ነፋስ እንድታገኝ ብለን ሳሎን ውስጥ፣ በረንዳው በር ጋ አስቀመጥነው። ቴሌቪዥን እያየች ትራመዳለች። አሁን ግን አመል አወጣ። ባዶውን ሲሄድ ምንም አይልም። እሷ ወጥታ እግሯን ስታሳርፍ ግን የምትራመድበት ላስቲክ ለቅጽበት ያዝ ያደርግና ይለቃል። መውደቋን ነው የምፈራው። ላስቲኩ ወደ ግራም እየሸሸ የጎኑን ፕላስቲክ ማሸት ጀምሯል። ትንሽ ከቆየ ደግሞ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ወንድሜ ከበድ ያለ ሰው ነው፤ እሱ ሲሮጥበት አንዳንዴ ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ ጭልም ይላል።

አንድ ባለሙያ አስመጣን። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 22 ሺህ ብር ያስፈልጋል" ብሎን ሄደ፤ ሞተሩን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ማለቱ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ "ዘይት ቀቡት" አሉ፤ የመኪና ይሁን የወጥ አልነገሩንም። እማዬ "ተዉት፣ ግቢውን እዞራለሁ" ትላለች። ግቢያችን ልብስ ማስጫ እንጂ መዞሪያ የለውም።

የሚያውቅ ካለ በናታችሁ፣ ከየት ልጀምር?

አርሲ ነኝ

ማሽኑን ሽጡና እናትን አሰላ አምጧት! አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ዳገት፣ ክፍያ የለ፣ ብሬከር የለ። 😄

ከቀልዱ ውጭ፣ እኔም አባቴ ስኳር አለበት። ከምግብ በኋላ የሚደረግ አጭር እርምጃ ስኳሩን ሲያወርድለት በመለኪያው አይተናል። ማሽኑ ላይ በባዶ እግሯም በነጠላ ጫማም እንዳትወጣ። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ላስቲኩ ቢልጣት ላይሰማት ይችላል። ከእርምጃው በኋላ እግሯን እዩላት። ስለ ማሽኑ ግን የሚያውቅ ይምጣ።

ብሎንና ብሩጎላ

እህቴ፣ ቦርድ እንዳትገዢ። ቢያንስ ገና ነው። እኔ አዳማ፣ ወንጂና ሞጆ እየተዘዋወርኩ የጂም ማሽን እጠግናለሁ። ከጻፍሽው ውስጥ አንዷ ዓረፍተ ነገር ትበቃኛለች፦ ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው፣ ሰው ሲወጣበት ይይዛል። ቦርዱ የተቃጠለ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውንም አይሄድ። ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር ጽፎ ይቆማል። ክዳን ሳይከፍቱ ቦርድ የሚያዝዙ ሰዎች ነገር እኔን ሁሌም ያናድደኛል፤ እሱን ልለፈው።

የአንቺ ማሽን ችግር ፍትጊያ ይመስለኛል። ላስቲኩ የሚንሸራተተው ከሥሩ ባለ ጣውላ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ስስ የሲሊኮን ዘይት አለ። ዘይቱ ሲደርቅና አቧራ ሲገባበት ላስቲኩ ጣውላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሰው ሲቆምበት ክብደቱ ስለሚጫነው ፍትጊያው ይብሳል፤ ሞተሩም ያንን ለማሸነፍ ብዙ ከረንት ይስባል። ሽታው ከዚያ ነው። ብሬከሩም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም የሚወርደው። እንዲህ እያደረጋችሁ ከቀጠላችሁ ቦርዱ ላይ ያለው ትራንዚስተር የእውነት ይነዳል፣ ያኔ ባለሙያሽ ልክ ይሆናል። አዲስ ቦርድ ገዝቶ በደረቀ ላስቲክ ላይ ማስገባት ደግሞ ሁለተኛውንም ማቃጠል ነው።

አዳማ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። የነፋስ ማመንጫውን ከከተማው ዳር የተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ሁለተኛው የአዳማ ማመንጫ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው። ያ ነፋስ በበጋ ደቃቅ አቧራ ተሸክሞ ነው ቤት የሚገባው። አንቺ ደግሞ ማሽኑን በረንዳ በር ላይ አስቀምጠሽ ጠበቅሽው! ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ወለል አጠገብ ያለውን አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩለት። እናታችን ነፋስ ካማራት ቬንትሌተር ይበራላት።

አሁን ምርመራው። ስፒናውን ከግድግዳው ንቀዪ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ከዚያ መሃል ላይ የላስቲኩን ጠርዝ ቀና አድርገሽ እጅሽን አስገቢና እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣትሽን ጎተት አድርጊ። ጣትሽ ወዝ ይዞ ከወጣ ጥሩ ነው። ደረቅ ከሆነና ጥቁር ወይም ግራጫ ዱቄት ይዞ ከወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጣውላው ላይ የተቦረቦረ ወይም የተላጠ ቦታ በጣትሽ ከተሰማሽ ግን እዚያው አቁሚና ንገሪኝ። እሱ ጣውላ መገልበጥ ወይም መቀየር ሊፈልግ ይችላል፤ ዘይት አያድነውም።

ለማጽዳት ላስቲኩን ማውለቅ አያስፈልግም። አሮጌ አንሶላ በቁመቱ አጥፊና ከላስቲኩ ሥር አሳልፊው። አንቺ በቀኝ፣ ወንድምሽ በግራ ጫፍ ጫፉን ይዛችሁ ከፊት ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ጥረጉት። ላስቲኩን በእጅ ገፋ አድርጉትና ድገሙት። ጨርቁ ደረቅ ይሁን። የጣውላው ውስጥ የተፈጨና የተጨመቀ እንጨት ነው፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። እንደ ሴራሚክ ወለል በውሃና በኦሞ የወለወሉትን ሰዎች አይቻለሁ፣ ላስቲኩ መሃል ላይ ጉብ ብሎ ቀረ።

ዘይቱ ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን፣ ጠርሙሱ ላይ መቶ በመቶ ሲሊኮን የሚል። የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ ሁሉም አይሆኑም። የዛገ ብሎን የምንፈታበት ደብሊውዲ-40ም አይሆንም። የነዳጅ ዘር የሆኑት የላስቲኩን ጎማና ሙጫ ይበሉታል። የምግብ ዘይት ደግሞ ከርሞ ይጣበቅና ከአቧራው ጋር ጭቃ ይሆናል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከሁለቱም ጎን ወደ መሃል አስገብተሽ ጣውላው ላይ እያጠማዘዝሽ አፍስሺው። ከዚያ በዝግታ ጥቂት ደቂቃ ተራመጂበት፣ እግርሽን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያደረግሽ፣ እንዲዳረስ። "ከበዛ ይሻላል" እንዳትዪ። የበዛው ላስቲኩን ወደሚያዞረው ሮለር ይሄድና ላስቲኩ ይንሸራተታል።

አንዳንድ ማሽን ግን ጣውላው ከፋብሪካ ሰም የተቀባ ስለሆነ ሲሊኮን አይወድም። ማኑዋሉ ከሌለ ፍሬሙ ላይ ወይም ክዳኑ ሥር የተለጠፈ ነገር ካለ አንብቢ።

የሞተሩን ክዳን ራስሽ መክፈት ትችያለሽ፤ ጥቂት የካቻቢቴ ብሎኖች ናቸው። ግን ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፣ ይነክሳሉ። ውስጡን በደረቅ የቀለም ብሩሽ እያራገፍሽ በቫኪዩም ሳቢው። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚነፉት አሉ። አልወደውም፤ የእነሱ አየር ውሃ ይተፋል፣ ስስ ሽቦም ሊነቅል ይችላል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ስፒናው የተሰካው የት ነው? ዲቫይደር ላይ ነው? በዚያው መስመር ላይ ሌላ ምን አለ?

ታቦር ሥር

ከሐዋሳ ነኝ። የእኛ ቤት ችግር አቧራ ሳይሆን እርጥበት ነው። ማሽኑን ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አኑረነው ክረምቱ ሲወጣ የኋላ ብሎኖቹ ዝገው አንፈታም አሉ፣ ሮለሩም መንጫጫት ጀመረ። አሁን ቤት ገብቷል፣ የማንጠቀምበት ቀን አንሶላ እናለብሰዋለን። ላስቲክ ሸራ እንዳታለብሱት፤ ላቡን አፍኖ ይይዘዋል።

ብሎንና ብሩጎላ፣ አንድ ልጠይቅህ። የመኪና ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁበት ሲሊኮን ስፕሬይ አይሠራም? ሱቅ ሁሉ ሞልቶታል፤ የትሬድሚሉ ዘይት ግን እዚህ እንደ ልብ አይገኝም።

ብሎንና ብሩጎላ

@ታቦር ሥር፣ አይሆንም እህት። ሽቶና ሌላ ሌላ ማሟሟያ የተቀላቀለበት ነው፤ ሲሊኮኑ ጥቂት ነው። ስፕሬይ ሲሆን ደግሞ የት እንደሚደርስ አታውቂም። የሚንጫጫው የሮለሩ ኩሽኔታ ነው። እሱ በቀላሉ ይገኛል፤ አሮጌውን ይዘሽ ኩሽኔታ መሸጫ ሂጂ፣ ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በቁጥሩ ይሰጡሻል።

የፍራንኮ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ! እንዳልከው አደረግን።

ጣቴን ሳስገባ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወዝ የሚባል ነገር የለም። ጣውላው ግን ለስላሳ ነው፣ የተቦረቦረ የለም። አንሶላው ነጭ ነበር፣ አሁን ለወለልም አይሆን። የሞተሩን ክዳን ስንከፍት አቧራው እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ነበር። ሞተሩ ላይ የፀጉር ክምር፣ ከሥሩ የእህቴ ልጅ ስንፈልግለት የከረምነው የመጫወቻ መኪና ጎማ። ሲሊኮኑን እዚህ አጥቼ ወንድሜ ለሥራ ሲሄድ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ።

ሽታው ጠፍቷል። እማዬ ስትወጣ አይይዝም፤ "አሁን ገና ሰው ሆነ" ብላለች። ወንድሜ ሲሮጥ ግን አልፎ አልፎ ሸርተት ይላል። ወደ ግራ መሸሹም አለ።

ስለ ስፒናው ስታነሳ አፈርኩ ልበል? ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ነው። ያ ዲቫይደር የተሰካበት ሶኬት ደግሞ መስመሩ ከማድ ቤቱ ጋር አንድ ነው። የእንጀራ ምጣዱም እዚያው ነው።

ብሎንና ብሩጎላ

ምጣድ! ብሬከሩ ምን በወጣው! አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። የእናንተ ማሽን ሞተር 2.5 የፈረስ ጉልበት ነው እንበል፤ አንዱ 746 ዋት ስለሆነ ሲጨናነቅ ወደ 1,865 ዋት ይሄዳል። ይኸው ሌላ ከ8 አምፔር በላይ። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ብሬከሩ መውረዱ ደግ አደረገ፤ ባይወርድ የሚነደው ሽቦው ነበር። ኤሌክትሪሻን ጥሩና ለማሽኑ ብቻውን መስመር ያውጣለት፣ ከግራውንድ ጋር። እስከዚያ ድረስ እንጀራ ሲጋገር እናታችን ታርፍ። ዲቫይደሩን ደግሞ ዛሬውኑ ተዉት፣ ስፒናው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። መብራት ሲሄድም ንቀሉት። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩት፣ ቮልቱ እስኪረጋ ትንሽ ቆዩ።

ቮልቱ ሰፈራችሁ ውስጥ ይወርዳል፣ ይወጣል የምትሉ ከሆነ ስታቢላይዘር መልካም ነው። ግን የፍሪጅና የቲቪውን እንዳታመጪበት። ለዚህ ጭነት 1,000 ቪኤ (የሚችለው ጭነት መጠን ነው) የሚል ስታቢላይዘር አይበቃም፤ ይጮህና ይዘጋል።

አሁን ወደ ላስቲኩ። ወንድምሽ ሲሮጥ ሸርተት የሚለው ከሁለት አንዱ ነው። የሞተሩ ክዳን ክፍት ሆኖ አንድ ሰው በጣም በዝግታ ይራመድበት። አንቺ ራቅ ብለሽ የፊቱን ሮለር እዪ፤ ፀጉርሽን እሰሪ፣ ነጠላም አትልበሺ፣ እጅም አታስገቢ። ላስቲኩ ሲቆም ሮለሩ መዞሩን ከቀጠለ የላላው ላስቲኩ ነው። ሮለሩም አብሮ ከቆመና ሞተሩ ብቻ ከዞረ የላላው ከሞተር ወደ ሮለር የሚሄደው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከሆነ ለባለሙያ ተዪው። ላስቲኩ ከሆነ የኋላውን ሁለት ብሎኖች በብሩጎላ ሁለቱንም እኩል ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጥብቂ፣ ሞክሪ፣ ካስፈለገ ድገሚ። ከዚያ በላይ አትቸኩዪ። መሃል ላይ ስታነሺው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከበሮ ቆዳ እስኪሆን የሚያጠብቁት አሉ፤ ያ ኩሽኔታውንም ሞተሩንም ይጨርሳል።

ወደ ግራ መሸሹን ለማስተካከል ከማሽኑ ኋላ ቁሚ። ባዶውን በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ገደማ አስነሺው። ወደ ግራ ከሸሸ የግራውን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደሚጠብቅበት አዙሪና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ላስቲኩ ወዲያው አይመለስም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት አጥቶ እንደገና ያዞራል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይሄድበታል፣ ሌላውን ብሎን ይጀምራል፣ ሲመሽ ሁለቱም ብሎን የት እንደነበረ አይታወቅም። ብሎኑ ጫፍ ላይ በማርከር ምልክት አድርጊበት።

ከብሎኑ በፊት ግን ሁለት ነገር እዪ። ወለሉ ልክ ነው ወይ? ማሽኑ አንድ እግሩ ከፍ ካለ ላስቲኩ ይሸሻል፤ ከሥሩ ያሉትን እግሮች እያሽከረከርሽ አስተካክዪ። ሁለተኛው እናታችን ናቸው። ጉልበታቸው የትኛው ነው የሚያማቸው? አንዱን እግር የሚሸሽ ሰው በሌላው ጠንክሮ ይገፋል፣ ላስቲኩም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ባዶውን ሲሄድ መሃል ላይ ሆኖ እሳቸው ሲወጡ ብቻ የሚሸሽ ከሆነ ብሎን አትንኪ። ይልቅ ጉልበታቸውን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ፈልጉ።

ዘይቱን በየሦስት ወሩ ይላሉ ብዙ ማኑዋሎች። እናንተ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ ጣት አስገብታችሁ እዩ፣ ደርቆ ካገኛችሁት ብቻ ጨምሩ። የውጭ ጫማ አይወጣበት፤ አሸዋውን የሚያስገባው እሱ ነው። ሕፃን ካለ ደግሞ ቀዩን የደኅንነት ቁልፍ ነቅላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ያ የመጫወቻ ጎማ እዚያ የገባው በራሱ ተራምዶ አይደለም።

የፍራንኮ ልጅ (ጠያቂ)

የቀኝ ጉልበቷን ነው የሚያማት! ባዶውን አስነስቼ አየሁት፤ ትንሽ ይሸሻል፣ ግን እሷ ስትወጣ በጣም ይብሳል። አንዱን እግር በወፍራም ካርቶን ደግፈነው ነበር ለካ፣ ሴራሚኩ እዚያ ጋ ዝቅ ስላለ። እሱን አውጥቼ በብሎኑ አስተካከልኩ፤ ባዶውን አሁን መሃል ላይ ነው። ለጉልበቷ ቀጠሮ ይዘናል። ኤሌክትሪሻኑም ቅዳሜ ይመጣል።

ሻንጣ ጠባቂ

ጥያቄ ልጨምርበት። እኅቴ ከአሜሪካ አንድ ትሬድሚል በኮንቴይነር ልካልኛለች። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 15 አምፔር ይላል። ሰፈር ውስጥ ያሉት "ትንሽ ኮንቨርተር ግዛ፣ ይሠራል" ይሉኛል። ልሰካው?

ብሎንና ብሩጎላ

እንዳትሰካው! በቀጥታ 220 ላይ ከሰካኸው ያኔ ቦርዱ ተቃጥሏል የሚልህ ሰው አይሳሳትም።

120 በ15 ሲባዛ 1,800 ዋት ነው። ቱሪስት ለፀጉር ማድረቂያና ለስልክ የሚይዛት ትንሿ ኮንቨርተር ለዚህ አትሆንም። የሚያስፈልግህ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ከባድ ትራንስፎርመር ነው፣ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ፣ 3,000 ዋት የተጻፈበት። ሞተር ሲነሳና ሰው ሲያርፍበት ለአፍታ ከተጻፈው በላይ ይስባልና ትርፍ ይኑረው። ከመግዛትህ በፊት በእጅህ አንሳው፤ በአንድ እጅ እንደ ዋዛ ከተነሳልህ 3,000 የሚለው ጽሑፉ ብቻ ነው።

የእሱ 60፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ የመሆኑ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አያስጨንቅም። የቤት ማሽኖች ሞተር በብዛት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ከረንት የሚሠራ) ስለሆነ ቦርዱ ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይቀይረዋል። ሞተሩ ላይ ዲሲ የሚል መኖሩን ግን ክዳኑን ከፍተህ አንብብ፣ ኤሲ ከሆነ መጥተህ ጠይቀኝ። ትራንስፎርመሩን ከመጋረጃና ከምንጣፍ አርቀው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ይሞቃል። እርምጃው ሲያልቅም እሱንም ከግድግዳው ንቀለው፤ ማሽኑ ቢጠፋም እሱ መሳቡን አይተውም።